ጸሎት ስይዝ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናቴ አልጋ ከያዘች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ቀን ሥራ እውላለሁ፣ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሥቼ አገላብጣታለሁ። ዱሮ የየዕለቱን ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ሳላጓድል አደርስ ነበር። አሁን ግን መጽሐፉን ስገልጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። ያላደረስኩት ሲጠራቀም ጊዜ ጨርሼ ተውኩት። ከቆረብኩም ስምንት ወር አለፈኝ። እግዚአብሔር ፊቱን አዙሮብኝ ይሆን? ብርታቴን እንዴት ልመልስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ፊቱን አላዞረብሽም። ደክመሻል። ድካም ሌላ ነው፣ ስንፍና ሌላ ነው፤ ሁለቱን ሳይለዩ የሚሰጥ ምክር ሕመሙን ያብሰዋል።

1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አንብቢ። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደው ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ሄዶ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ከዚያም ተኛ። መልአኩ ሲመጣ አልወቀሰውም፤ ጸሎትህን ለምን አቋረጥህ አላለውም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻ፣ በማሰሮም ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ብላ አለው። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት እስከ ኮሬብ ተጓዘ። የእግዚአብሔርን ድምፅ በኮሬብ የሰማው ይህ ሁሉ ከሆነለት በኋላ ነው።

አባቶች «ሀኬት» የሚሉት ፈተና ግን አለ። ሀኬት የያዘው ሰው ለጸሎት ሲቆም ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ለወሬና ለስልክ ሲሆን ይነቃል። የደከመ ሰው ግን ለሁሉም ነው የሚደክመው፤ ጉርሻ በእጁ ይዞ ያንጎላጃል። የጻፍሽልኝ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ሆኖም ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸውና ድካሙ ሲሰነብት ሀኬት መግቢያ ያገኛል። ጸሎቱን ጨርሰሽ የተውሽውም በዚያ በር በኩል ይመስለኛል።

በሩ የተከፈተው በውዝፍ ነው። በየዕለቱ ድርሻ ዳዊት ሲደገም ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80 ነው። ሰኞ ያመለጠሽን ማክሰኞ ልክፈል ስትዪ 60 መዝሙር ይጠብቅሻል፤ ማክሰኞም ካለፈሽ ረቡዕ 80 ይሆናል። በሌሊት ሦስቴ የሚነሣ ሰው ይህን አይችልም። ያለፈው ይለፍ፤ ከዛሬው ጀምሪ። የንስሐ አባትሽ ቀኖና አድርገው የሰጡሽ ከሆነ ግን በራስሽ አትተዪው፤ ሄደሽ አልቻልኩም በያቸው፣ እሳቸው ያቀሉልሻል።

እስኪያቀሉልሽ ድረስ የምመክርሽ ይህን ነው። ከሥራ ስትገቢ ቁጭ ከማለትሽ በፊት ፊትሽን ታጠቢ፣ ነጠላሽን ልበሺ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ ቁሚ። አልጋ ላይ ሆነሽ አትጀምሪው፤ እንቅልፍ የሚጥልሽ እዚያ ነው። አማትበሽ በስመ አብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከዳዊት አንድ መዝሙር አድርሺ። ድምፅሽ ለራስሽ ጆሮ ይሰማ፤ በዓይን ብቻ የሚነበብ ጸሎት ለደከመ ሰው ቶሎ ይጠፋበታል። በቀን አንድ መዝሙር ብትዪ 150ው በአምስት ወር ይደርሳል። ጉልበት የተረፈሽ ቀን ጨምሪ፣ ግን ለነገ ቃል አትግቢ። በሞቅታ የገቡት ቃል ነው ኋላ ሸክም የሚሆነው። ስግደትሽንም ቀንሺው፤ በሕመምና በድካም ጊዜ ቆሞ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ሌሊቱን ደግሞ እንደ ባከነ አትቁጠሪው። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት) ነው፤ አንቺ በዚያ ሰዓት ቆመሻል። እናትሽን ስታገላብጪ፣ አንሶላውን ስትስቢ፣ ትራሱን ስታስተካክዪ በያንዳንዱ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። ጌታ በማቴዎስ 25 «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለው ይህንኑ ሥራ ነው።

ረቡዕና ዓርብን ጹሚ፣ ግን አፈታትሽን አስተካክዪ። ብዙ ሰው እስከ 9 ሰዓት ጾሞ በቡና ብቻ ይፈታና እስከ ማታ እህል አይቀምስም፤ ከዚያ ጸሎት አልሆንልህ አለኝ ይላል። ጾምሽን ስትፈቺ ሽሮም ቢሆን ምስር በእንጀራ ብዪ፣ ውኃም ጠጪ። ሰውነትሽ ከታመመ የጾሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ስምንቱ ወር ነው። «ጸሎት ስላቋረጥኩ አይገባኝም» ብለሽ ከሆነ፣ ቅዱስ ቁርባን ለብርቱዎች የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። የደከመ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ንስሐ ግቢ፣ ቀን ቁረጪ። ከመቁረብሽ በፊት 18 ሰዓት መጾሙን ከእናትሽ ጋር ከምታድሪው ሌሊት ጋር አስቀድመሽ አስማሚው፤ ከዋዜማው ጀምሮ ሌላ ሰው ይደርልሽ። ለእናትሽም ካህናት ጠርተሽ ጸሎተ ቀንዲል፣ ማለት ሕሙማን ዘይት የሚቀቡበት ጸሎት፣ ይድረስላት። ሐዋርያው ያዕቆብ «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ብሎ ያዘዘው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ለአንቺም ሸክሙን ከሌሎች ጋር መሸከም ነው።

አንድ ነገር አደራ። እናትሽ የተኛችበት ሰዓት እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ እንደ ኤልያስ ሞትን መመኘት ከጀመርሽ ለንስሐ አባትሽም ለሐኪምም ዛሬውኑ ተናገሪ። ጠበሉ መድኃኒቱን አይከለክልም።

እግዚአብሔር ኤልያስን ከኮሬብ ሲመልሰው ኤልሳዕን እንዲቀባ አዘዘው፤ ብቻዬን ቀረሁ ላለው ነቢይ ረዳት ሰጠው። አንቺም እኅት ወንድም ካለሽ ልመና አድርገሽ ሳይሆን ድርሻቸው መሆኑን ነግረሽ ሁለት ሌሊት አስይዣቸው። ከሌለሽ የጽዋ ማኅበርተኞችሽን ጠይቂ፤ «ርዱኝ» ብቻ አትበያቸው፣ «ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋት እናቴ ዘንድ እደሩልኝ» በያቸው። በዚያች ሌሊት ዳዊቱን አጥፈሽ ተኚ።