«ብሎቱን አጽጂው» ለተባልሽው እህታችን

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ የማስተርስ ሥራሽ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ለያይቶ፣ ሜምብሬን በሚባል ስስ ገጽ ላይ አዛውሮ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ምርመራ) ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ የምታነጻጽሪያቸው ሁለት ሌኖች (እያንዳንዱ ናሙና የወረደባቸው ዓምዶች) ተራርቀዋል፤ ከሦስቱ ድግግሞሽ አንዱ ከሌሎቹ ጋር አልገጠመም። አማካሪሽ «አጽጂውና እንላከው» ብለዋል። ሦስቱም የየራሳቸው መልስ አላቸው፣ አንድ ላይ አትጨፍልቂያቸው።

ነጠብጣቡን አትንኪው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሁለተኛው አንቲቦዲ (ፕሮቲኑን የያዘውን የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ተጣብቆ ሲግናል የሚሰጠው) ተጓጉሎ ሜምብሬኑ ላይ ሲያርፍ ነው። በሚቀጥለው ሙከራ አንቲቦዲውን ከመጠቀምሽ በፊት በሴንትሪፊውጅ አዙሪው፣ አጠባውንም ጨምሪ። በፎቶሾፕ መፋቅ ግን ባንዱን (ፕሮቲኑ ያለበትን የሚያሳየውን ጥቁር ሰረዝ) ባይነካም አይፈቀድም። ነጠብጣብ የፋቀ እጅ ደብዛዛ ባንድም ሊፍቅ ይችላላ፤ አንባቢው በምን ይለያል? ጆርናል ኦፍ ሴል ባዮሎጂ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀባይነት ያገኙ ጽሑፎችን ምስል ሳይመረምር አያትምም። ብርሃንና ኮንትራስት መቀየር ይቻላል፤ ግን ምስሉ ሙሉ ላይ እኩል፣ ደብዛዛው ባንድም ሳይጠፋ። ባክግራውንዱ እንደ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ከገፋሽው መጀመሪያ የሚያስጠረጥርሽ እሱ ነው።

ሌኖቹን ማቀራረብ ይቻላል፣ ከአንድ ጄልና ከአንድ ኤክስፖዠር (በአንድ ጊዜ ከተነሳ ምስል) ከሆኑ። መጋጠሚያው ላይ መስመር አስምሪ፤ ከምስሉ ሥር ባለው መግለጫም ጻፊው። ከሁለት ጄል ከሆኑ ግን ትራንስፈሩም (ፕሮቲኑ ከጄሉ ወደ ሜምብሬኑ መዛወሩ) ኤክስፖዠሩም ይለያያልና ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ጨመረ፣ ያ ቀነሰ» ማለት አይቻልም። በ2014 እ.ኤ.አ. የጃፓኗ ተመራማሪ ሃሩኮ ኦቦካታ የስታፕ ሴል ጽሑፍ (ተራ ሴልን በቀላሉ ወደ ግንድ ሴል መለወጥ ይቻላል ያለው) ላይ አንዱ ችግር ይኸው ነበር፦ ከሌላ ጄል የመጣ ሌን ኮንትራስቱ ተስተካክሎ መሃል ተሰክቷል። ክልክል መሆኑን አላውቅም ነበር ማለታቸው አላዳናቸውም፤ የሚሠሩበት የሪከን ምርምር ተቋም ኮሚቴ ማጭበርበር ነው አለ፣ ጽሑፎቹን ያተመው ኔቸር ጆርናልም በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ጽሑፎቹን ሰረዘ።

ከባዱ ሦስተኛው ነው፤ እዚህ ላይ አጭበርባሪ ያልሆነ ሰውም ይወድቃል። ድግግሞሽ መጣል የሚቻለው ውጤቱን ሳታዪ የሚታወቅ ቴክኒካዊ ምክንያት ሲኖር ነው፦ ላደሩ (የፕሮቲን መጠን መለኪያው ሌን) አልወጣም፣ የአየር አረፋ ባንዱ ላይ ክብ ነጭ ቀዳዳ ትቷል፣ አክቲኑ (እኩል መጫኑን ለማረጋገጥ የሚታየው ፕሮቲን) ከሌን ሌን ተዛብቷል። ያን ጊዜም የምትጥዪው ብሎቱን በሙሉ እንጂ ያልወደድሽውን ሌን ብቻ አይደለም። ቀኑንና ምክንያቱን በዕለቱ ላብ ደብተርሽ ላይ ጻፊና ድገሚው። ምክንያቱ «ከሌሎቹ አልገጠመም» ብቻ ከሆነ ውጤት ነው፣ ይገባል። አንድ ነገር ደግሞ አረጋግጪ፦ ያንኑ ላይሴት (ከሴሎቹ የወጣውን የፕሮቲን ፈሳሽ) ሦስት ጊዜ ጭነሽ ከሆነ ኤንሽ (የነጻ ድግግሞሽ ቁጥርሽ) 3 ሳይሆን 1 ነው።

ከመጣልሽ በፊት ሳቹሬሽንን (ፕሮቲኑ ቢጨምርም ሲግናሉ አልጨምር ማለቱን) መርምሪ። አንዱን ናሙና 5፣ 10፣ 20 እና 40 ማይክሮግራም አድርገሽ ጫኚ፤ መጠኑ በእጥፍ ሲጨምር ሲግናሉም ወደ እጥፍ ካልተጠጋ ከልክ አልፏል። አክቲን ብዙ ጊዜ 20 ላይ ይጠግባል። ስለዚህ ሁሉም ሌን እኩል የተጫነ ይመስላል፣ «ያልገጠመው» ብሎትሽም ምናልባት ትክክለኛው እሱ ይሆናል።

ፋይሉን በተመለከተ፦ ከማሽኑ የወጣውን 16 ቢት ፋይል ሳትነኪው አስቀምጪ፣ የምትሠሪው ኮፒው ላይ ይሁን። 16 ቢቱ 65,536 የግራጫ ደረጃ ሲይዝ ተራው ጄፔግ 256 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ፓወር ፖይንት ላይ ለጥፈሽ መልሰሽ ያወጣሽውን ምስል ማንም ኦሪጅናል አይልልሽም። ሜምብሬኑን የምትቆርጪ ከሆነ ከመቁረጥሽ በፊት ከነላደሩ ፎቶ አንሺው።

አማካሪሽን «ይሄ ማጭበርበር ነው» ብለሽ አትጀምሪ፤ ብዙዎቹ ልማድ ሆኖባቸው እንጂ አስበውበት አይደለም። «ዶክተር፣ ጆርናሉ ያልተቆረጠውን ብሎት ሊጠይቀን ይችላል፤ ስለዚህ ነጠብጣቡ እንዳለ ይሁን፣ አራተኛ ድግግሞሽ ልሥራና ሁሉንም እናስገባ» በያቸው። ከተስማሙ የተነጋገራችሁትን በሁለት መስመር ኢሜይል አድርጊላቸው። እምቢ ካሉ ወደ ሁለተኛ አማካሪሽ፣ ከዚያ ወደ ድኅረ ምረቃ አስተባባሪው ሂጂ፤ ስትሄጂ ደብተሩንና ያልተነካውን ፋይል ይዘሽ እንጂ በቃል ብቻ አይሁን።