ማንም አልሰለበህም

ጥያቄ፦ መምህር፣ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። 46 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳር ነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት አደርጋለሁ። ከታመምኩ ወዲህ ለባለቤቴ ባል መሆን አቃተኝ። ዘመዶቼ «ተሰልበሃል» ይላሉ። ጠበል ብቻ ልያዝ ወይስ ክኒን ብወስድ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ለመጻፍ ስንት ሌሊት እንዳሰብክ ይገባኛል።

ማንም አልሰለበህም። እጥበት ላይ ካሉ ወንዶች ከግማሽ በላዩ በዚህ ይቸገራሉ። ደም ሥር ይጠባል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ ደም ያንሳል፣ የወንድነት ሆርሞን ይቀንሳል። ስኳርና ግፊት ካሉ ይብሳል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒትም ያመጣዋል፤ በራስህ ግን እንዳታቋርጥ። ቅጣትም አይደለም። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን በድሎ ነው?» ሲሉት ጌታ እሱንም ወላጆቹንም ነፃ አውጥቷቸዋል (ዮሐ. 9)።

ክኒኑ ኃጢአት የለበትም። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል ሲራክ 38። የጋብቻ መኝታም ክቡር ነው። ብቻ ከጓደኛ ተቀብለህ አትዋጥ። ሲልዴናፊል፣ ሰው ቪያግራ የሚለው፣ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው በ25 ሚሊ ግራም ነው የሚጀመረው። ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሲልዴናፊልን ጭራሽ አትንካው፤ ግፊትህን ጥሎ ሊገድልህ ይችላል። በማር የተለወሰ ሥርም ይቅርብህ። ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ያችኑ የደከመች ኩላሊት ነው የሚጎዳት።

ጠበሉን አትተው። ግን በጆግ አትጠጣ። ጣና ዳር ጠበል ሰንብቶ የተመለሰ አንድ ወንድም አውቃለሁ። እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ብሎት በእጁ አንጠልጥሎት መጣ። ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ሽንትህ ሲቀንስ የጠጣኸው ሁሉ ሰውነትህ ውስጥ ይቀራል፣ ሳንባህ ድረስ። ለበረከት በስኒ ቅመስ፤ እሷንም ሐኪሙ በቀን ከፈቀደልህ ውሃ ላይ ቁጠራት። አንገትህ ላይ የእጥበት ቱቦ ካለ ደግሞ ውሃ እንዳይነካው፤ ኢንፌክሽን ከገባበት ወደ ደምህ ነው የሚሄደው። ከወገብ በታች አጥምቁኝ በላቸው። ንስሐ አባትህ ይህን ያውቃሉ ብለህ አትገምት፤ ቁጭ ብለህ አስረዳቸው።

ለባለቤትህስ ነግረሃታል? ዝም ስትላት ጠልቶኛል ብላ ይሆናል ማታ ማታ የምታለቅሰው። የባል ሥጋ የሚስቱም ነው (1ቆሮ. 7)፤ ሕመሙም እንዲሁ። በሚቀጥለው እጥበት ቀን አብራችሁ ሂዱ። ማሽኑ ላይ ከመተኛትህ በፊት ሐኪሙን ጠራ አድርገህ «ይህም አለብኝ» በለው። ላንተ አዲስ ነው እንጂ እሱ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል።