ያረጀ ቤት ፎቅ ሲታደስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በዕድሜ ጠገብ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከአያቶቻችን በወረስነው ቤት ፎቁ ላይ ሁለት ጠባብ መኝታ ቤቶች አሉ። የሚለያቸውን ግድግዳ አፍርሰን አንድ ሰፊ ክፍል ልናደርጋቸው ነው። አናጢው «ቀጭን ስለሆነ ምንም አልተሸከመም» ይላል። እንመነው?

ቅጥነቱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ባትሪ ይዛችሁ ከኮርኒሱ በላይ ውጡና እዩ። አግዳሚዎቹ እንጨቶች ግድግዳው አናት ላይ ካረፉ ወይም እዚያው ላይ ከተቀጣጠሉ ግድግዳው ተሸካሚ ነው። ከጣሪያ የወረደ ቋሚ ካረፈበትም እንደዚያው። ሲሠራ ያልተሸከመ ግድግዳ እንኳ ውሎ አድሮ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፤ እንጨቶቹ በዘመን ብዛት ጎብጠው ይደገፉበታል። ስለዚህ የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያየው ማንም መዶሻ አያንሳ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ደግሞ የውስጥ ግድግዳ ለመንካትም ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ባይሸከምስ? ያኔም ሙሉ በሙሉ አታፍርሱት እላለሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም ስለ ቅርስ ጥበቃ የተጻፈው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ ታሪካዊ ሕንፃ አገልግሎት ላይ መዋሉን ይደግፋል፤ ነገር ግን አገልግሎቱ የክፍሎቹን አቀማመጥና ጌጡን መለወጥ የለበትም ይላል። ለትልልቅ ሐውልቶች ታስቦ ቢጻፍም ለመኖሪያ ቤትም ልክ ነው። የክፍሎቹ አከፋፈል ራሱ ቅርስ ነው። ቤተሰቡ እንዴት ይኖር እንደነበር ከየትኛውም ጌጥ በላይ የሚናገረው እሱ ነው።

መሃሉ ላይ ሰፋ ያለ በር ክፈቱ። ግራና ቀኙን ግማሽ ግማሽ ሜትር ያህል፣ ከላይም ከኮርኒሱ ሥር የተወሰነ ግድግዳ ተዉ። ብርሃኑ ያልፋል፣ ክፍሉ ይሰፋል፣ የኮርኒሱ ጠርዝና ዞኮሎው (ከግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ጠርዝ) ብዙ አይነካም። ነገ ልጆቻችሁ መዝጋት ቢያምራቸው መዝጋት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ፎቁ ላይ መታጠቢያ ቤት የለንም። ከመኝታ ቤቱ ጥግ ቆርሰን ብንሠራስ?

ጥግ ከመምረጣችሁ በፊት ከሥር ያለውን እዩ። የሽንት ቤት ፍሳሽ ቱቦ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ በየሜትሩም ወደ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። አራት ሜትር አግድም ቢሄድ 8 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ወለል ውስጥ ልደብቅ ያለ ቧንቧ ሠራተኛ ወለሉን የተሸከሙትን እንጨቶች መጋዙ አይቀርም። ስንት ጥሩ ቤት በዚህ ጉድ ሆኗል! ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱን ከታችኛው ኩሽና ወይም ሽንት ቤት ትክክል በላይ አድርጉት፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ካልሆነ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በአንድ እርከን ከፍ አድርጉና ቱቦውን ከእንጨቶቹ በላይ አሳልፉት።

ክብደቱንም አስቡበት። 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ሲሞላ ውኃው ብቻ 200 ኪሎ ነው፤ ገንዳውና ሰውየው ሲጨመሩበት አስቡት። ለድሮ የእንጨት ወለል ሻወር ይሻላል።

ጥያቄ፦ የፎቁ ወለል ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ኮንክሪት አፍስሰን እናስተካክለው?

በፍጹም! 5 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት በካሬ ሜትር 120 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይልቅ ዝንባሌው የድሮ ይሁን አሁንም የቀጠለ ለዩ። ግድግዳው ላይ ያሉት ስንጥቆች ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ቀን ጻፉበት፣ ክረምትና በጋ ይለፍበት። ስንጥቁ ምልክቱን ካላለፈ ቤቱ ረግቷል ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ከዝንባሌው ጋር ኑሩ፣ አልጋውን ብቻ አስተካክሉ። ካለፈ መሐንዲስ ጥሩ።

ጥያቄ፦ የተሰነጠቀውን የኖራ ልስን አራግፈን በሲሚንቶ ብንለስነውስ?

አታራግፉት። በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ብቻ አንሱና በኖራ ጠግኑ። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ የበሮቹን የድሮ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ልፍቀው? እርጉዝ ነኝ።

እህቴ፣ አንቺ አትንኪው። የድሮ ቀለም ሊድ (መርዛማ ብረት ነው) ሊኖርበት ይችላል፤ አሜሪካ እንኳ ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ቀለሙ በደረቁ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ለፅንስና ለሕፃናት አደገኛ ነው። መጀመሪያ ይመርመር፤ ሊድ ከተገኘ ሥራው ለባለሙያ ይሰጥ፣ እስኪያልቅና እስኪጸዳም ሌላ ቦታ እደሪ።

ጥያቄ፦ ኮሪደሩ ዝም ብሎ ቦታ ይበላል። ወደ መኝታ ቤቱ ብንቀላቅለውስ?

ኮሪደሩን ከዘጋችሁት ከኋላኛው ክፍል ወደ ደረጃው ለመድረስ በሌላ ሰው መኝታ ቤት ማለፍ ግድ ይሆናል። እሳት ቢነሳ መውጫው ይኸው ነው። ቦታ ከጠበባችሁ የኮሪደሩ ስፋት ተርፎ እንደሆነ ለኩ፤ 90 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ትታችሁ በቀረው ጥልቀቱ አነስ ያለ ቁም ሳጥን አሠሩበት። ግድግዳው ላይ ሳይገነባ በብሎን ይታሰር።