ወንድ ሆኖ «አንቺ» መባል

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለትዳርና የልጆች አባት። አለቃዬ ባለጉዳይ ፊት «አንቺ፣ ያቺን ደብዳቤ ጨረስሻት?» ይሉኛል። ቅር እንዳለኝ ስነግራቸው «ለፍቅር ነው» አሉ። ማሳነስ ነው ማቆላመጥ? አነጋገሩስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ሁለቱም ምንጫቸው አንድ ነው። አማርኛ አንድን ነገር ትንሽ ሊያደርገው ሲፈልግ በሴት ጾታ ይጠራዋል። ጠባብ ቤት «ቤቷ» ትባላለች፤ «ይቺን ደመወዝ ይዤ» የሚል ሰው ስለ ብዙ ብር አያወራም። አለቃዎ ደብዳቤዋንም እርስዎንም ባንድ ትንፋሽ አሳንሰዋል። ኦሮምኛም ይህ ልማድ አለው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ቋንቋ ለሚናገር የሰሜን ሸዋ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። «ማሳነስ» ራሱ «አነሰ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ግዕዙ «ንእሰ»፣ «ንኡስ ኮሚቴ» ስንል የምናገኘው ማለት ነው።

ትንሽ ነገር ይናቃል፤ ደግሞም ይወደዳል። እናት ወንድ ልጇን «ነይ የኔ ቆንጆ» ብትለው ማንም አይቀየምም። ጓደኛሞችም «አንቺ» ይባባላሉ፣ ግን ይባባላሉ ነው። እርስዎ አለቃዎን መልሰው «አንቺ» ማለት ይችላሉ? በደብዳቤዎ እንኳ «ይሉኛል» ብለው በአንቱታ ነው የጠሯቸው። ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ቁልምጫ፣ ያውም ሰው ፊት ሥራ ሲታዘዝበት፣ ማሳነስ ነው።

«አንቱ» እና «እርስዎ» ጾታ አይለዩም፤ ግሱም ከ«እነሱ ጨረሱ» ጋር አንድ ስለሆነ ማሳነሻው መግቢያ ያጣል። አለቃን «አንቱ ይበሉኝ» ማለት ግን ይከብዳል። ስምዎን ይጠይቁ፤ ለብቻቸው ሲሆኑ፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ «ባለጉዳይ ፊት በስሜ ቢጠሩኝ ደስ ይለኛል» ይበሉና ያቁሙ። ስለ ፍቅር ክርክር ውስጥ አይግቡ። ሰው ፊት ከተናገሩት ሳቅ ይሆንና ቅጽል ስም ሆኖ ይቀራል። «እኔ ሴት አይደለሁም» የሚለው መልስ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ቀልዱን ያሟሟቃል፣ አጠገብዎ የተቀመጠችውንም ባልደረባ ይሰድባል።

እሷ በዚህ በኩል የምታቀርበው አቤቱታ የላትም፤ «አንቺ» ለእሷ ተራ አጠራር ነው። እሷን የሚያሳንሳት በ40 ዓመቷ «ልጅቷ» መባል ነው።