እንቅስቃሴን ጨዋታ ማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ እርምጃ ቆጣሪዎች፣ ስለ ስልክ ጨዋታዎችና ሰውን ከመቀመጫው ስለሚያስነሡ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ስልኬ በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላሁ ግቡን እንዳልመታሁ ያሳውቀኛል። እኔ ግን ከቢሮ ወደ ቤት ተመላልሼ ከ5,000 አላልፍም። ይህን ቁጥር መሙላት ግዴታ ነው?

መልስ፦ ግዴታ አይደለም፤ ቁጥሩም የመጣው ከሕክምና ጥናት ሳይሆን ከገበያ ነው። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያገኘበት የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ በጃፓን የስፖርት ፍላጎትን ቀስቅሶ ስለነበር፣ በማግስቱ ዓመት አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር ቆጣሪ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ብሎ ለሽያጭ አቀረበ፤ ያ ክብ ቁጥር እስከ ዛሬ ስልካችን ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል። በ2019 የታተመና አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት የሆኑ ከ16,000 በላይ አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን ወደ 4,400 እርምጃ የሚራመዱት ወደ 2,700 ከሚራመዱት ይልቅ የሞት መጠናቸው በግልጽ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ከ7,500 ገደማ በኋላ ግን ተጨማሪ ልዩነት አልታየም። ጥናቱ የአረጋውያን በመሆኑ ለወጣት እንዳለ አይወሰድም። ለእርስዎ የምመክረው አንድ ሳምንት ልማድዎን ሳይቀይሩ ቆጥረው አማካዩን እንዲያውቁና 1,000 ብቻ እንዲጨምሩበት ነው። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ግቡን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ አያፍሩበት።

ጥያቄ፦ ፖኬሞን ጎ፣ እየተራመዱ ምናባዊ ፍጥረታትን የሚይዙበት የስልክ ጨዋታ፣ የወጣ ጊዜ ከተማውን ሁሉ ስዞር ነበር። በኋላም ነጥብና ባጅ የሚሰጡ ሌሎች መተግበሪያዎችን ሞከርሁ፤ ሁሉም ከወር በኋላ ይሰለቹኛል። ስንፍናው የእኔ ነው ወይስ ጨዋታ ለእንቅስቃሴ አይጠቅምም?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ጨዋታው በ2016 እንደወጣ አሜሪካ ውስጥ የተጫዋቾችን የስልክ መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን በአማካይ 955 እርምጃ መጨመራቸውን፣ በስድስተኛው ሳምንት ግን ወደ ቀድሞ ልማዳቸው መመለሳቸውን አግኝቷል። አንተ ስንፍና ያልኸው፣ እንግዲህ፣ የብዙኃኑ ጠባይ ነው። አዲስነቱ ሲያልፍ የሚቀረው ነጥብ መሰብሰብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ ብቻውን ብዙ አያራምድም። እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል፦ በ1973 የታተመ የታወቀ ሙከራ፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት እንደሚሰጣቸው ተነግሯቸው ከሣሉ በኋላ፣ ማንም ሳያዛቸው በነበራቸው ጊዜ ምንም ካልተሸለሙት ያነሰ መሣላቸውን አሳይቷል። በዚህ ምክንያት መራመድን ከመጀመሪያውም የሚወድ ሰው ለእያንዳንዱ እርምጃው ነጥብ መቁጠር ባይጀምር እመርጣለሁ። ነጥብ የሚጠቅመው ከቤት መውጣት ለሚከብደው ሰው፣ ያውም ለመነሻው ጥቂት ሳምንታት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያቆየው፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ በየጊዜው ሊሻሻል የሚችል ችሎታና የሚጠብቅህ ሰው ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ብስክሌት፣ ዋና፣ ተራራ መውጣት፣ ውዝዋዜ፦ በእነዚህ ሁሉ ትናንት ያልቻልኸውን ዛሬ ትችላለህ፤ ካልመጣህም ጓደኛህ ደውሎ የት ጠፋህ ይልሃል። ስለዚህ መተግበሪያ ስትመርጥ ስንት ባጅ ይሰጣል ብለህ ሳይሆን ወደየትኛው ማሳለፊያ ያስገባኛል ብለህ ብትመርጥ ይሻላል። እንግሊዝ አገር በ2004 በአሥራ ሦስት ሯጮች የተጀመረው ፓርክረን በብዙ አገሮች የተስፋፋው ያለ ምንም ዕፁብ ቴክኖሎጂ ነው፤ በየሳምንቱ የሚካሄድ የ5 ኪሎ ሜትር ነፃ ሩጫ ሲሆን፣ ቴክኖሎጂው ሰዓትህን መዝግቦ ከባለፈው ጋር እንድታነጻጽር ከማድረግ አያልፍም።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ወንድሜ ዋሽንግተን ነው። የእርምጃ ውድድር ጀምረን እሱ ሁልጊዜ ያሸንፈኛል፤ እኔም ልተወው ነው። ውድድር ጥሩ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ውድድር ይሠራል፤ እናንተ የተወዳደራችሁበት መንገድ ግን ትክክል አይመስለኝም። በ2019 የታተመና ክብደታቸው ከመጠን በላይ የሆነ 602 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ሙከራ፣ ድጋፍን፣ ትብብርንና ውድድርን በጨዋታ መልክ ጎን ለጎን ፈትኖ፣ ሦስቱም ለ24 ሳምንታት እርምጃን እንደጨመሩ፣ ጨዋታው ካበቃ ከ12 ሳምንታት በኋላ ግን ልዩነቱ በግልጽ የቀጠለው በውድድሩ ቡድን ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እያንዳንዱ ተሳታፊ የነበረው ግብ ከራሱ መነሻ ተነሥቶ የወጣ መሆኑ ነው። አንቺ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ዳገት እየወጣሽ፣ እሱ ሜዳ ላይ እየሄደ እርምጃ ለእርምጃ መተያየት ፍርደ ገምድልነት ነው። ከየራሳችሁ አማካይ ምን ያህል በመቶ እንደጨመራችሁ ተወዳደሩ። ሌላ ዘዴም አለ፤ በ2017 በታተመ የቤተሰቦች ሙከራ እንደተደረገው፣ ሰኞ ጠዋት 70 ነጥብ ተቀብላችሁ ግብ ባልተመታበት ቀን ሁሉ 10 ይቀነስባችሁ። የያዙትን ማጣት አዲስ ከማግኘት የበለጠ ስለሚቆረቁር፣ ሰው ለዚህ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ዳታ ውድ ነው፤ ስልኬም ርካሽ ነው። ልጆቼ ደግሞ ከስክሪን አይነሡም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እርምጃ የሚቆጥረው ስልኩ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ጂፒኤስም ምልክቱን የሚቀበለው ከሳተላይት ነው፤ ካርታውን ዋይፋይ ባለበት ቦታ አስቀድመው ማውረድ ይበቃል። ለልጆች የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ የ60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው። ስልኩን ከመንጠቅ ይልቅ የጨዋታው አካል ያድርጉት፦ የሰፈሩን በር፣ ዛፍ ወይም ድልድይ ከቅርብ ፎቶ አንሥተው ያሳዩአቸውና ቦታውን ፈልገው ያግኙ፤ ሰኞ ማክሰኞና ገመድ ዝላይም በስልኩ ሰዓት ሲለኩ ሌላ ጣዕም ያገኛሉ። በ2018 በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ፕሮግራም መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ደግሞ ብስክሌት ለማስተማር የተመቸ ነው።

ጥያቄ፦ ማለዳ ብቻዬን እሮጣለሁ። ስትራቫ በተባለው የሩጫ መመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ መንገዴን መለጠፍ ያሰጋል?

መልስ፦ ሳይጠነቀቁ ከለጠፉት ያሰጋል። መተግበሪያው የተጠቃሚዎቹን መንገዶች አጠራቅሞ ያወጣው የዓለም ካርታ በ2018 መጀመሪያ የጦር ሰፈሮችን አቀማመጥ ሳይቀር ማጋለጡ ታውቋል። የቤትዎን አካባቢ የሚሸፍነውን ማስተካከያ ያብሩ፤ ከሩጫው በኋላ እንጂ በሩጫው መካከል አይለጥፉ፤ መንገድና ሰዓትም ይቀያይሩ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት እሠራለሁ። የምወጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በበጋ ደግሞ ውጭው አይቻልም። ጨዋታ ለእኔ ዓይነቷ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን ሥራሽ ራሱ እንቅስቃሴ መሆኑን አትርሺ። ደረጃ ስትወጪ፣ ስታጸጂ የዋልሽው ሁሉ ይቆጠራልና ሌላ 10,000 ፍለጋ ራስሽን አታድክሚ። የሚጎድልሽ ምናልባት ጡንቻን የሚያጠነክረውና ደስ የሚልሽ ክፍል ነው። ማታ ክፍልሽ ውስጥ ሦስት ዘፈን ምረጪ፦ አንዱን በእስክስታ፣ አንዱን ቁጭ ብድግ እያልሽ፣ አንዱን ግድግዳ እየገፋሽ። ከአገር ልጆች ጋር የቡድን ገጽ ከፍታችሁ ዘፈን በየተራ ብታዛዙ ውድድሩ ይሞቃል። በዕረፍት ቀንሽ በበጋ የገበያ ማዕከል ውስጥ መራመድ ይቻላል፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ሙቀቱ በሚበርድበት ወቅት ለ30 ቀናት በቀን 30 ደቂቃ የሚለው የከተማው ዘመቻ ብዙ ነፃ ስፖርት ስለሚያዘጋጅ፣ የዕረፍት ቀንሽ ከዚያ ጋር ከገጠመ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ሰዓቴ 600 ካሎሪ አቃጠልህ ካለኝ የዚያን ያህል መብላት እችላለሁ?

መልስ፦ አይመከርም። በ2017 ሰባት የእጅ ሰዓቶች ሲፈተኑ አብዛኞቹ የልብ ምትን በጥሩ ሁኔታ ለክተዋል፤ ካሎሪን ግን የተሻለ የተባለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ ስቶታል። የልብ ምቱን ተጠቀምበት፤ የካሎሪውን ቁጥር ከገጹ ላይ ደብቀው።