ከ«ተሳስተሃል» በኋላ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ሴሮቶኒንን፣ የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበትን ኬሚካል፣ ያነሳሉ። «የደስታ ቅመም» የሚለው ስም ሥራውን ያሳነሰበት ይመስለኛል።

ጥያቄ (መምህርት፣ ከደሴ)፦ ጋሼ፣ አንድ ተማሪዬ ስህተቱን ስነግረው «ገባኝ» ይላል፤ በነጋታው ያንኑ ይደግማል። ሴሮቶኒን አንሶት ይሆን?

መልስ፦ በሩቁ እንዲህ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥያቄዎ ግን ደህና ቦታ ነክቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ማርሞሴት ከሚባሉ ትንንሽ ጦጣዎች የፊተኛው አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንን አመናመኑ። ጦጣዎቹ ከሁለት ምስሎች ሽልማት ያለውን ለመለየት አልተቸገሩም። ሽልማቱ ወደ ሌላኛው ሲዛወር ግን ምንም ባያገኙም የድሮውን መምረጥ ቀጠሉ። አዲሱን ማወቅ ሳይሆን አሮጌውን መተው ነው ያቃታቸው። በኋላ ከዚያው ቦታ ዶፓሚን የተባለው ሌላ መልእክተኛ ኬሚካል ሲቀነስ ይህ ግትርነት አልታየም።

ጤነኛም ሰው ቢሆን ልማድ ቶሎ አይለቀውም። የሰፈራችን ዳቦ ቤት ከተዘጋ ሁለት ወር ሆነው፤ እግሬ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ወደዚያው ይወስደኛል። ስለዚህ ልጁን በነጋታው ከመቆጣት፣ ሲሳሳት እዚያው አርመው ትክክለኛውን ደጋግሞ እንዲሠራው ያድርጉ።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ የድባቴ መድኃኒት ከጀመርኩ አምስት ቀኔ ነው። የባለቤቴ ትንሽ ወቀሳ እንኳ ከበፊቱ የባሰ ይቆረቁረኛል። ልተወው?

መልስ፦ በራስዎ አይተዉት። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጤነኛ ሰዎች ሲታሎፕራም የተባለውን የድባቴ መድኃኒት አንዴ ብቻ ሲወስዱ፣ «ልክ ነህ፣ ተሳስተሃል» እየተባሉ የሚማሩት ነገር ከብዷቸዋል። እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች ሴሮቶኒን ወደ ሕዋሳቱ ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ያግዱታል፤ ሴሮቶኒን አመንጪዎቹ ሕዋሳት ግን «በዝቷል» ብለው መጀመሪያ ላይ ሥራቸውን ይቀንሳሉ። ያ ልጓም የሚላላው በሳምንታት ውስጥ ነው። ስሜቱን ላዘዘልዎ ሐኪም ይንገሩ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳያድሩ ይሂዱ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ዓሣ በየቀኑ ብበላ ሴሮቶኒኔ ይጨምራል?

መልስ፦ ዓሣውን ስለሚጣፍጥ ይብሉት! ሴሮቶኒን የሚሠራበት ትሪፕቶፋን ዓሣ ውስጥ አለ፤ ወደ አንጎል በሚያስገባው በር ላይ ግን ከሌሎች የፕሮቲን ፍርካሾች ጋር ይጋፋል። 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው የሰውነታችን ሴሮቶኒን ደግሞ አንጀት ውስጥ ነው፤ ወደ አንጎል አይሻገርም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በደም ምርመራ ይታወቃል?

መልስ፦ የአንጎሉን አይነግርዎትም። ገንዘብዎን ይያዙ።