ስለ ጃፓን የቡድን ጉዞ ጠይቁኝ፦ ምግብ፣ ባህል፣ ቅርስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኦሳካ ነው፤ ሥራዬ እንግዳ ማስጎብኘት ነው። በቡድን ወደ ጃፓን መምጣት የሚያስቡ የአገሬ ልጆች በየጊዜው ስለሚጠይቁኝ፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። አንድ ልመና አለኝ፦ በየትኛው ወር እንደምትሄዱ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁና ምን እንደማትበሉ ጻፉ። ያለዚያ የምሰጣችሁ መልስ አይረባችሁም።

ዲሲ ነኝ፦ ከቤተ ክርስቲያናችን 14 ሆነን የቼሪ አበባ ለማየት በማርች መጨረሻ ልንሄድ ነው። ሁዳዴ ላይ ይውላል። አስጎብኚ ድርጅቱ «ጃፓን አትክልት ሞልቷል፣ አታስቡ» ብሎናል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ጠየቅሽ። አበባው በቶኪዮና በኪዮቶ የሚፈካው ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ነው፤ ያ ደግሞ ሁዳዴ ነው። አትክልት መኖሩ እውነት ነው። ችግሩ አትክልቱ የሚበስልበት መረቅ ነው።

ዳሺ ይባላል። ካትሱዎቡሺ ከሚባል ደረቅ ዓሣ እና ኮምቡ ከሚባል የባሕር ቅጠል ይወጣል። ዓሣው ተቀቅሎ በጭስ ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ከዚያ በመላጊያ ይላጋል፤ የሚወጣው ቅርፊት ከሳሳቱ የተነሳ ትኩስ ምግብ ላይ ሲያርፍ ይርገበገባል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ለትንሽ ደቂቃ ይገባና ይጠለላል። ዓሣው አይታይም፤ መረቁ ግን ሚሶ ከሚባለው የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራው ሾርባ ውስጥ፣ የተቀቀለው ዱባ ውስጥ፣ ቴምፑራ የሚባለው በሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ አትክልት ማጥቀሻ ውስጥ አለ። አስተናጋጁን «ዓሣ አለበት?» ብትዪው «የለም» ይልሻል። አልዋሸሽም፤ እሱ መረቅን እንደ ዓሣ አይቆጥርም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት «ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ መረቅ፣ እንቁላል፣ ወተት አንበላም» ብላችሁ ለድርጅቱ በጽሑፍ ስጡ። በቃል አይደለም፣ በጽሑፍ።

አሁን ወደ መፍትሔው። ኮያሳን ሂዱ! ከኦሳካ ናምባ በባቡርና በኬብል ካር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የቡድሃ እምነት መነኩሴው ኩካይ በ816 ያቋቋመው የገዳም ከተማ ነው፤ ዛሬም 50 ያህል ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ። ምግባቸው ሾጂን ርዮሪ ይባላል። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። መረቁ ከኮምቡና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። ራት ማምሻው ላይ በዝቅተኛ ቀይ ገበታ ትናንሽ ሳህን ተደርድሮ ይመጣል። ከሰሊጥ የሚሠራው ጎማዶፉ አለ፤ እርጎ ይመስላል፣ ጣዕሙ የተቆላ ሰሊጥ ነው። ከአኩሪ አተር ተሠርቶ በቅዝቃዜ የደረቀው ኮያዶፉም የዚያው ተራራ ነው፤ ስፖንጅ ሆኖ መረቁን ይጠጣዋል።

በነጋታው ማለዳ ጸሎት አለ። ከዚያ ወደ ኦኩኖይን ውጡ። በትልልቅ ዝግባዎች መካከል 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ከ200,000 በላይ መቃብር ነው። መጨረሻው ላይ የኩካይ ማረፊያ አለ። አማኞቹ ሞተ አይሉም፤ እስካሁን በተመስጦ ላይ ነው ይላሉ። መነኮሳቱ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ምግብ ይዘውለት ይሄዳሉ። በገድልና በገዳም ላደገ ሰው ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ድርጅቱ ኮያሳንን የቀን ጉብኝት ካደረገባችሁ እምቢ በሉ። ማደር ግድ ነው፤ ሁለት ሌሊት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

የሸገር ልጅ፦ ለምን ታስጨንቃቸዋለህ? ዓሣ በጾም ይበላል እኮ።

የቆሎ ተማሪ፦ በሁዳዴ? ማን ነው ያስተማረህ?

የሸገር ልጅ፦ እኛ ሰፈር ሁሉም ይበላል።

የቆሎ ተማሪ፦ ሰፈር ሥርዓት አይሆንም ወንድሜ። ፍትሐ ነገሥቱን ገልጠህ አንብብ።

መልስ፦ ይሄን ለየንስሐ አባታችሁ ተዉት። የሚበላም ይምጣ፣ የማይበላም ይምጣ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የማይበላው ሰው ሳያውቅ እንዳይበላ።

ሪያድ፦ ጋሼ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አዎ። በምትኖርበት አገር ያለውን የጃፓን ኤምባሲ ጠይቅ፤ እኔ ኤምባሲ አይደለሁም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም።

መንገደኛ፦ ጃፓን ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ መቼ? ለስንት ቀን? ስንት ሰው? ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

የእማዬ ልጅ፦ እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው። ፕሮግራሙ ውስጥ ኦንሰን የሚሉት የፍል ውሃ መታጠቢያ አለ። ንቅሳት ያለበት አይገባም ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ የሰማሽው እውነት ነው፤ በብዙ ኦንሰን ንቅሳት ክልክል ነው። መነሻው ያኩዛ የሚባሉት ወንበዴዎች ገላቸውን መነቀሳቸው ነው። ደንቡ ግን የእናት መስቀልና የወንበዴ ዘንዶ አይለይም። በ2013 ሆካይዶ ውስጥ አገጯ ላይ የባህሏ ንቅሳት ያለባት የኒውዚላንድ ማኦሪ እናት ከአንድ ኦንሰን ተመልሳለች፤ አገር ጉድ ብሏል። እናትሽ በር ላይ ቆመው እንዲመለሱ አልፈልግም። ገላ ላይ ላለ ትንሽ ንቅሳት የሚለጠፍ መሸፈኛ አለ፤ ግንባር ላይ ግን አይሆንም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ካሺኪሪ የሚባለው ለአንድ ቤተሰብ ብቻ በሰዓት የሚከራይ መታጠቢያ ነው። በሩን ዘግታችሁ እናትና ልጅ ትገባላችሁ። ሁለተኛው ኪኖሳኪ የምትባለው የፍል ውሃ ከተማ ናት፤ የከተማዋ የሕዝብ መታጠቢያዎች ንቅሳት ያለበትን ይቀበላሉ። ሌላም ልንገርሽ፦ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው፣ የዋና ልብስ አይለበስም፣ ውሃው ውስጥ ከመግባት በፊት ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሳሙና በደንብ መታጠብ ግድ ነው። እናትሽ ራቁት መሆኑን ካልፈለጉ እግር ብቻ የሚነከርበት ቦታ አለ፤ አሺዩ ይባላል። ንቅሳቱን አሁኑኑ ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቂ።

ሐና፦ ቬጂቴሪያን ምግብ ይገኛል?

መልስ፦ ከላይ ረጅም መልስ ሰጥቻለሁ። ዳሺ። በጽሑፍ።

ጂዳ፦ ለእኛ ለሙስሊሞችስ?

መልስ፦ ከአሳማው በላይ የምታስቸግራችሁ ሚሪን ናት፤ ወጥና ማጣፈጫ ውስጥ የምትገባ የሩዝ አልኮል ናት። ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥም ምግብ ውስጥ ይገባል። ቶኪዮ ዮዮጊ ኡኤሃራ ያለው የቶኪዮ ጃሚ መስጊድ የሐላል ሱቅ አለው። ኮቤ ከገባችሁ መስጊዱን እዩ፤ በ1935 የተከፈተ፣ የጃፓን የመጀመሪያው ነው። የጦርነቱን ቦምብም የ1995ቱን የመሬት መንቀጥቀጥም ቆሞ አልፏል። ለእናንተም ያው ነው፦ አስቀድማችሁ በጽሑፍ።

ጉርሻ፦ ጃፓናዊ ቤተሰብ ምሳ ሊጋብዘን ነው። በቾፕስቲክ ጉርሻ ብሰጣቸው ደስ ይላቸዋል?

መልስ፦ በፍጹም እንዳታደርገው! ጃፓን ውስጥ ሬሳ ይቃጠላል። ከተቃጠለ በኋላ ዘመድ አዝማድ ከብቦ አጥንቱን በቾፕስቲክ እያነሳ፣ አንዱ ለሌላው እያቀበለ፣ ማሰሮ ውስጥ ያስገባዋል። ገበታ ላይ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ ስታቀብል ያ ቀን ነው ፊታቸው የሚመጣው። ቾፕስቲክህን ሩዝ ላይ አቁመህ አትትከልም፤ እሱም ለሙት የሚቀርብ ነው። ፍቅርህን መግለጥ ከፈለግህ ጥሩውን ቁራሽ እፊታቸው ባለው ትንሽ ሳህን ላይ አድርግላቸው።

ታሪክ ወዳድ፦ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኪንካኩጂ፣ የኪዮቶው ወርቃማ ቤተ መቅደስ፣ በ1950 ተቃጥሎ በ1955 የተሠራ ነው። የኦሳካው ግንብ የ1931 ኮንክሪት ነው። ታዲያ ቅርስ እያሉ ለምን ያስከፍሉናል?

የሸገር ልጅ፦ ልክ ነህ! ላሊበላ ስንት መቶ ዓመት እንዳለ ቆሟል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ላሊበላ አለት ነው። ጃፓን የሠራው በእንጨት ነው፤ ዝናብ አለ፣ እሳት አለ፣ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እጁንም ጭምር መጠበቅ ነበረባቸው፤ አናጢውን ማለቴ ነው።

ኢሴ ሄዳችሁ እዩ። እዚያ ያለው ታላቁ የሺንቶ፣ የጃፓን የጥንት እምነት፣ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል። ልማዱ የተጀመረው በ690 ነው። በጦርነት ዘመን ተቋርጦ ያውቃል፣ ግን ተመልሷል። የ2013ቱ 62ኛው ነው፤ ቀጣዩ በ2033 ነው። ከመቅደሱ ጎን ነጭ ጠጠር የለበሰ ባዶ ቦታ አለ፤ ቀጣዩ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ሃያ ዓመት የተመረጠበት አንዱ ጥቅም ይታያችሁ፦ ወጣት ሆኖ ያገዘ አናጢ በሚቀጥለው ዋና ሠራተኛ ይሆናል፣ በሦስተኛው ያስተምራል። አሮጌው እንጨትም አይጣልም። የዋናው መቅደስ ትልልቅ ምሰሶዎች ኡጂ ድልድይ ዳርና ዳር የቆሙት በሮች ይሆናሉ። ስትሻገሩ በእጃችሁ ዳስሷቸው።

እንዳለ የቆመ ከፈለጋችሁም ሞልቷል። ናራ አጠገብ ሆርዩጂ የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ፤ በዓለም ላይ ከቆሙት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ ጥንታዊዎቹ እዚያ ናቸው። የሂሜጂ ግንብም ከ1609 ጀምሮ የቆመ ነው። የኦሳካው ግን እውነትህን ነው፤ ውስጡ ሊፍት አለ። ከውጭ አይታችሁ እለፉ።

ታሪክ ወዳድ፦ ኢሴ በድርጅታችን ፕሮግራም ውስጥ የለም።

መልስ፦ አውቃለሁ። ቶኪዮ፣ ፉጂ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ በየሌሊቱ ሻንጣ ማሰርና መፍታት ነው። ገንዘብ ሳትከፍሉ ተከራከሩ። አንድ ከተማ ቀንሱና ሁለት ሌሊት በአንድ ቦታ እደሩ።

ፎቶ አንሺ፦ ጌሻ የት ነው ፎቶ የምናነሳው?

መልስ፦ አታንሱ። ጌሻ ግብዣ ላይ በሙዚቃና በጭፈራ እንግዳ የምታስተናግድ ሴት ናት፤ መንገድ ላይ ስታዩአቸው ወደ ሥራ እየሄዱ ነው። በኪዮቶው የጌሻ ሰፈር በጊዮን ያሉ የግል ጠባብ መንገዶች ከ2024 ጀምሮ ለቱሪስት ተዘግተዋል፤ የ10,000 የን ቅጣት ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል።

ሐኪሟ፦ መድኃኒት ስለ መያዝ ብትነግራቸው?

መልስ፦ ተባረኪ። አሜሪካ ያላችሁ ስሙኝ፦ አደራል የሚባለው የትኩረት ችግር መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝም ቢሆን ጃፓን አይገባም፤ ያስይዛል። ኮዴይንና ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው መድኃኒቶችም ገደብ አላቸው። ከአንድ ወር በላይ የሚሆን የታዘዘ መድኃኒት ለምትይዙ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ብቸኛ፦ ለምን በቡድን? እኔ በስልኬ ብቻ ዞሬዋለሁ።

ዲሲ ነኝ፦ አንተ ወጣት ነህ ወንድሜ። የእኛ እናቶች ስልክ እያዩ በቶኪዮው ሺንጁኩ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሊዞሩ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ብቻውን ቶኪዮ የሚከብደው ሰው ጥቂት ነው። ገዳም ውስጥ ለ14 ሰው የጾም ራት ማስያዝ፣ መነኩሴው የሚለውን መረዳት ግን ሰው ይፈልጋል። ከ2018 ጀምሮ ፈቃድ የሌለውም በክፍያ ማስጎብኘት ስለሚችል አስጎብኚያችሁን ራሳችሁ ፈትኑት። «ዳሺ ምንድን ነው?» በሉት። ጉዞውን የሚሸጥላችሁ ድርጅት ደግሞ በሕግ የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጡ።

መንገደኛ፦ ተመለስኩ። ኦክቶበር፣ 10 ቀን፣ 6 ሰው፣ ሁሉን እንበላለን። የባቡር ፓስ እንግዛ?

መልስ፦ አሁን ጠየቅህ! ቶኪዮ ገብታችሁ ከኦሳካ የምትወጡ ከሆነ አትግዙ። የ7 ቀኑ ፓስ በኦክቶበር 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ዘሏል። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን 14,000 የን ገደማ ነው፤ ነጠላ ቲኬት ይሻላችኋል። ሻንጣችሁን ለኩ፤ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በዚያ መስመር የሻንጣ ቦታ ያለው ወንበር አስቀድማችሁ መያዝ አለባችሁ። ከዚያ የሚሻለው ታክዩቢን የሚባለው ሻንጣ አድራሽ ነው። ጠዋት ሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ ትሰጣላችሁ፣ በማግስቱ ቀጣዩ ሆቴል ይጠብቃችኋል። እናንተ የአንድ ሌሊት ልብስ በጀርባ ቦርሳ ይዛችሁ ኢሴ አድራችሁ መምጣት ትችላላችሁ።